ሦስቱ ጥቁር ነጥቦች

ሰኞ ጠዋት ባንኩ በሩን በከፈተ በአሥር ደቂቃ ውስጥ የልብስ ሰፊው ገንዘብ እንደሌለ ታወቀ። ገንዘብ ከፋይዋ ደብተራቸውን ተቀብላ ኮምፒዩተሯን ነካ ነካ አደረገችና ፊቷ ተለወጠ። ደግማ ነካካች። ከዚያ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብላ፣ «አባባ፣ ቅዳሜ ዕለት ገንዘብዎን በስልክ አስተላልፈው ነበር?» አለቻቸው።

«እኔ በስልክ የማስተላልፈው ሰላምታ ብቻ ነው» አሉ ልብስ ሰፊው። «እስቲ ደግመሽ እዪው ልጄ። አንቺ እንኳ ሁለት ዓይን አለሽ።»

ለሦስተኛ ጊዜ ታየ። በሒሳቡ ውስጥ የቀረው ጥሩ የሸሚዝ ቁልፍ እንኳ የማይገዛ ሽርፍራፊ ነበር። አብራቸው የመጣችው ልጃቸው አፏን በነጠላዋ ያዘች። እሳቸው ግን አልጮኹም፤ መስኮቱን በእጃቸው እየዳበሱ ወደ አግዳሚው ወንበር ሄደው ተቀመጡ። ወሽመጡ የተቆረጠ ሰው ብዙ ጊዜ አይጮህም።

የቀኝ ዓይናቸው ከጠፋ አራት ዓመት ሆኖታል። የግራው ደግሞ ከዳር ወደ መሀል እየጨለመ መጥቶ፣ አሁን የሚያዩት በበር ቀዳዳ የሚያጮልቅ ሰው የሚያየውን ያህል ነው። በዓመት አንዴ የሚመጣው የዓይን ሐኪም ለዓርብ ጠዋት ቀጥሯቸዋል። ክፍያው ሐሙስ እስከ ስድስት ሰዓት ካልገባ ተራው ለሌላ ሕመምተኛ ይሰጣል። ዓይኑ ደግሞ እስከሚመጣው ዓመት አይጠብቅም፤ ይህን ሐኪሙ ሳያድበሰብስ ነግሯቸዋል።

ጉዳዩ የተመራው ጣቢያው ውስጥ «ወንፊት» ለሚሏት ኢንስፔክተር ነው። የሰውን ቃል ነፍታ ገለባውን ታስቀራለች ለማለት ነው፤ ፊት ለፊቷ ግን ደፍሮ የሚጠራት የለም። ልብስ ሰፊውን በደንብ ታውቃቸዋለች። ሃያ ዓመት ሙሉ የጣቢያውን ደንብ ልብስ የሰፉት እሳቸው ናቸው፤ ያን ዕለት የለበሰችው ጃኬትም የእጃቸው ሥራ ነበር።

የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ወንበር አቀረበላትና ገና ሳትጠይቀው፣ «ሥርዓታችን አልተሳሳተም» አለ።

«የተሰረቀው ሥርዓታችሁ አይደለም።»

«እንደሱ ማለቴ አይደለም። ቅዳሜ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ከደንበኛው ስልክ የምስጢር ቁጥር ይቀየርልኝ የሚል ጥያቄ መጣ። ማረጋገጫውን ወደዚያው ስልክ ላክን፤ ተመለሰልን። ከዚያ ገንዘቡ ወደ ሦስት ሰዎች ሒሳብ ገባ፤ ከሦስቱም ወዲያውኑ በማሽን ወጣ። ቁጥሩ የሳቸው ነው። ሌላ ምን ልናደርግ እንችል ነበር?»

«ስልኩ እኮ እሳቸው ኪስ ውስጥ ነበር።»

«እንግዲህ እሱን እናንተ ድረሱበት» አለና የጠረጴዛውን ወረቀት ማስተካከል ያዘ።

ልብስ ሰፊው አግዳሚው ላይ እንደተቀመጡ ነበር። ኢንስፔክተሯ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ስልክዎ ቅዳሜ ይሠራ ነበር አባባ?»

«ጠዋት ይሠራ ነበር። ኋላ ጸጥ አለ። ለአማቼ ባሳየው ‹ኔትወርክ ነው፣ ነገ ይመጣል› አለኝ።»

«መልእክቱን የሚያነብልዎት እሱ ነው?»

«ማን አለኝ ሌላ? ልጄ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ናት።»

«የምስጢር ቁጥሩንስ?»

«እሱም እሱ ነው የሚያስገባልኝ» አሉና ድንገት ፊታቸውን ወደ ድምጿ አዞሩ። «ኧረ ልጄ፣ እሱን ተዪው። እንደ ወለድኩት ነው።»

ኢንስፔክተሯ ማስታወሻዋን ዘጋች።

*

የስልክ መደብሩ ከባንኩ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ነው። መስኮት ሦስት ላይ የምትሠራው ልጅ ቅዳሜ የተቀየሩትን ሲም ካርዶች ማህደር አውጥታ ዘረጋች። የልብስ ሰፊው ቁጥር ከሌሎቹ መሀል ተገኘ፤ ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ላይ በአዲስ ካርድ ተተክቷል፤ ከዚያ ወዲያ የባንኩ መልእክት የሚደርሰው አዲሱን ካርድ ለያዘው ሰው ነው።

«አስታውሳቸዋለሁ» አለች ልጅቷ። «ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ባርኔጣና ጥቁር መነጽር ያደረጉ ሰውዬ ናቸው። ዓይናቸውን ያማቸዋል። እጃቸውን ይዤ ወንበሩ ላይ ያስቀመጥኳቸው ራሴ ነኝ።»

«አንጀትሽን በሉታ።»

«የኔ አባት ቢሆኑስ ብዬ ነዋ» አለች። «ማስረጃ ደግሞ አሟልተዋል። ይኸው።»

ሁለት ወረቀት ነበር። አንደኛው መታወቂያ መጥፋቱን የሚገልጽ የፖሊስ ማስረጃ ነው፤ ማኅተሙ የኢንስፔክተሯ የራሷ ጣቢያ ነው፤ ግራ ጠርዙ በመቀስ ጠበብ ተደርጓል። ሁለተኛው የልብስ ሰፊው መታወቂያ ኮፒ ነው። ደብዘዝ ያለ ነው፤ ፎቶው የማንም ሽማግሌ ሊሆን ይችላል። በግራ ጠርዙ ላይ ሦስት ጥቁር ነጥቦች አሉበት፤ አንዱ ከላይ፣ ሁለቱ ከታች፣ ልክ እንደ ሦስት ጉልቻ።

«ይሄ ነጠብጣብ ምንድን ነው?»

«የኮፒ ማሽኑ ቆሻሻ ይሆናላ።»

ካሜራው ያሳየው ባርኔጣና መነጽር ብቻ ነው፤ ከሥሩ ያለው ሽማግሌ ይሁን ወጣት አይለይም። ኢንስፔክተሯ ምስሉን ሦስት ጊዜ አስመላለሰችው። ሰውየው መስታወቱ በር ላይ ሲደርስ እጁን ዘርግቶ እየዳበሰ ነው የገባው። የልብስ ሰፊውን ዓይን ሕመም ያውቃል። ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፣ አለች በልቧ። ስህተቷ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

*

ጣቢያው ምድር ቤት ከሚገኘው መዝገብ ቤት የመዶሻ ድምፅ ሲሰማ የሚውልበት ቀን ብዙ ነው። እዚያ የሚሠራው ሳጅን የሚጠግነው ነገር አያጣም ይባላል፤ ለምደውታልና ማንም አይሰማውም። ኢንስፔክተሯ ስትጠራው አቧራውን እያራገፈ ወጣና ማስረጃውን ወደ መስኮት ወስዶ አየው።

«ማኅተሙ የኛ ነው። ቁጥሩም የኛ ነው» አለ። «ዓመቱ ግን በብዕር ተነካክቷል። ይሄ የዛሬ ሦስት ዓመት የተሰጠ ነው።»

«በስንት ቅጂ ነው የሚወጣው ጋሼ?»

«በሁለት። አንዱ ለባለቤቱ፣ አንዱ ለመዝገቡ።»

«መዝገቡን ያምጡልኝ።»

«ሁለት ዓመት ያለፈው ሁሉ ተወግዷል። ቃለ ጉባኤ አለው፣ ተቃጥሏል።»

ስለዚህ የቀረው የባለቤቱ ቅጂ ነው። ልብስ ሰፊው የት እንዳደረጉት ሲጠየቁ፣ «ከቤቱ ወረቀት ጋር መሳቢያው ውስጥ ይሆናል» አሉ። መሳቢያው ሲፈተሽ ማስረጃው የለም። የመሳቢያው ቁልፍ ደግሞ ሁልጊዜ የሚንጠለጠለው የአማቻቸው ቀበቶ ላይ ነው።

*

አማቹ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ሲጠራ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ መጣ፤ ኪሱ በሽቦ ቁርጥራጭ ተሞልቷል።

«ቅዳሜ ጠዋት የት ነበርክ?»

«ሥራ ላይ። አዲሱ ሕንፃ ላይ ሽቦ ስዘረጋ።»

«አለቃህ ከሦስት እስከ ሰባት ሰዓት አልነበረም አለን።»

ከኪሱ አንዲት ሽቦ አውጥቶ ያጣምማት ጀመር።

«የምስጢር ቁጥራቸውን ታውቃለህ። ስልካቸው ጸጥ ሲል ‹ነገ ይመጣል› ብለህ ያዘናጋሃቸው አንተ ነህ። የመሳቢያው ቁልፍ አንተ ጋ ነው። አሁን ደግሞ ፊቴ ቁጭ ብለህ ትዋሻለህ።»

«ገንዘቡን አልነካሁም።»

«የት ነበርክ ነው ያልኩህ።»

«የሚያሳፍር ቦታ ነበርኩ» አለ ሽቦዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ። «ከዚህ በላይ ቢገድሉኝም አልናገርም። ባለቤቴ ከምትሰማው እዚሁ ብበሰብስ ይሻለኛል።»

ኢንስፔክተሯ ብዙ ሌባ አይታለች። ዓይኑን በጨው አጥቦ የሚክድ አለ፣ እያለቀሰ የሚክድ አለ። ይኼኛው ከሁለቱም አልሆነላትም፤ ቢሆንም ሐሙስ እየቀረበ ነበርና ማሰቡን ትታ እስር ቤት አስገባችው። ከሰዓት በኋላ የሽማግሌው ልጅ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። የምሳ ሳህኑን ለዘበኛው ሰጥታ ሄደች።

*

ረቡዕ ጠዋት ገንዘቡ የገባባቸው ሦስት ሒሳቦች ባለቤቶች ታወቁ። አንደኛው ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል። ሁለተኛው አገር ለቆ ሄዷል። ሦስተኛዋ ሆስፒታል ውስጥ የምትሠራ የጽዳት ሠራተኛ ናት፤ መወልወያዋን እንደያዘች ደረጃው ሥር አገኟት።

«እኔ ባንክ ገንዘብ አለኝ?» አለች። «ሀብታም መሆኔን ዛሬ ከናንተ ሰማሁ።»

«መታወቂያሽን ለሰው ሰጥተሽ ታውቂያለሽ?»

«ለማንም። አንዴ ጠፍቶብኝ እንኳ ሳልውል ሳላድር እናንተው ጋ ነው የመጣሁት።»

«መቼ?»

«ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ያኔ ዘበኛው ከሰዓት ተመለሺ ብሎኝ ሁለቴ ተመላልሻለሁ። አይረሳኝም።»

ኢንስፔክተሯ ቃሏን ጻፈችው። እስክሪብቶዋ ትንሽ ቆም አለ፤ ግን ሐሳቧ ሌላ ነገር ላይ ነበር። ሒሳቡ ሲከፈት ባንኩ የተቀበለው የዚህችው ሴት መታወቂያ ኮፒ በኢንስፔክተሯ ቦርሳ ውስጥ አለ፤ በግራ ጠርዙ ላይ ሦስት ጥቁር ነጥቦች አሉበት።

ሁለቱም ኮፒዎች ከአንድ ማሽን የወጡ ናቸው ብላ ደመደመች። ከአንድ ረዳት ፖሊስ ጋር በአካባቢው ያሉትን ፎቶ ኮፒ ቤቶች ሁሉ ማዳረስ ጀመረች። አሥራ አንድ ቤት ገቡ። በየቤቱ ባዶ ወረቀት አስገብተው አስወጡ። አንዱ ማሽን ጠርዙ ላይ መስመር ይጥላል፣ ሌላው ግማሹን ያጠቁራል፣ የአንዱ ባለቤት ደግሞ የአሥራ አንዱን ቤት ዋጋ ብቻዋን የምታስከፍል ይመስል ገንዘብ ካልከፈላችሁ አለች። ሦስት ነጥብ የሚያወጣ ማሽን ግን አልተገኘም። ግማሽ ቀን እንዲሁ አለቀ።

ስትመለስ ጣቢያው በር ላይ አንድ ወፍራም ሰው ይጠብቃት ነበር። ያገለገሉ የስፌት መኪናዎች የሚገዛ ነጋዴ ነው።

«ያሰራችሁት ልጅ ቅዳሜ ከሦስት ተኩል እስከ ስድስት ሰዓት እኔ ጋ ነበር» አላት። «ሠራተኞቼም አይተውታል። ቃሉን የሰጠኝ ስለሆነ መኪናውን ልውሰድ ብዬ ቤታቸው ብሄድ ታሰረ አሉኝ።»

«የምን መኪና?»

«የአማቱን የስፌት መኪና ነዋ። ሊሸጥልኝ ሲከራከር ነው የዋለው። ዓይናቸው ቢድንም ባይድንም ከእንግዲህ አይሰፉም፣ እሳቸው እንዳይሰሙ አለኝ። ለመድኃኒቱ ፈልጎ ነው መሰለኝ።»

ኢንስፔክተሯ ክው አለች። አማቹን አስጠራችው። ነጋዴውን ሲያይ አንገቱን ደፋ።

«ሂድ፣ ነፃ ነህ» አለችው። «ይሄን ብትነግረኝ ምን ነበር?»

«ሃያ ዓመት የበላንበትን መኪና ከጀርባቸው ስሸጥ ነበር፣ ምን ብዬ ልንገርሽ?» እስከዚያች ሰዓት አንቱ ሲላት የነበረው ሰው አንቺ አላት፤ እሷም አልተቀየመችም። «ሁለት ቀን አሰርሽኝ። በሁለት ቀን ውስጥ ዘመድ አዝማድ ጋ ዞሬ የቻልኩትን እለምን ነበር። አሁንማ ነገ ስድስት ሰዓት ነው።»

ቀበቶውንና ቁልፎቹን ተቀብሎ ወጣ። በመስኮት ስታየው እየሮጠ ነበር።

*

ነገሩ ሁሉ ጭራና ቀንድ አጣባት። የሰበሰበቻቸውን ወረቀቶች ለበላይ አካል ለመላክ ማሳሰር ነበረባትና ተሸክማ ወደ ምድር ቤት ወረደች። ከዚህ በፊት የምትልከው በተላላኪ ነው፤ ያን ቀን የወረደችው ከሰው ዓይን ለመሸሽ ይመስላል።

ሳጅኑ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ፊቱ ጣውላ አለ፤ በጣውላው ላይ የወረቀት ክምር። በግራ እጁ ረጅም ሚስማር፣ በቀኝ መዶሻ ይዟል። አንዴ መታ። ዝቅ አድርጎ ሁለቴ መታ።

«ምን እየሠሩ ነው ጋሼ?»

«እየበሳሁ ነዋ። የወረቀት መብሻው መሣሪያ ከተሰበረ አምስት ዓመቱ። በደብዳቤ ብንጠይቅ፣ ብንጠይቅ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉን።»

«ለምን ሦስት?»

«ሁለት ቀዳዳ ሲሆን ይተረተራል። አንድ ከላይ፣ ሁለት ከታች ሲሆን ክሩ አቅፎ ይይዘዋል» አለ ሳጅኑ፤ ደስ ብሎት ነው የሚያስረዳው። «የትም መሥሪያ ቤት ቢዞሩ እንዲህ የታሰረ መዝገብ አያገኙም። ይሄ የኔ ፈጠራ ነው።»

የጣቢያውን መዝገብ ስንት ጊዜ ገልጣዋለች። ክር የገባበት ቀዳዳ ግን ለሰው ዓይን አይታይም። የልብስ ሰፊውን መታወቂያ ኮፒ ከቦርሳዋ አወጣችና ሳጅኑ ከበሳቸው ወረቀቶች አንዱን ላዩ ላይ አድርጋ ወደ አምፖሉ ከፍ አደረገችው። በሦስቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ሦስቱ ጥቁር ነጥቦች ታዩ። ሌባው ኮፒ ያደረገው የተበሳ ወረቀት ነበር።

«ጋሼ» አለች። «የተወገዱት መዛግብት ተቃጥለዋል ነው ያሉኝ?»

«ቃለ ጉባኤው ተቃጥለዋል ይላል።»

«እርስዎስ ምን ይላሉ?»

ሳጅኑ መዶሻውን አስቀመጠ። «ማቃጠያው ቦታ ለመውሰድ መኪና ያስፈልጋል። መኪናው ነዳጅ ይፈልጋል። ነዳጁ በጀት የለውም። የጣቢያው የኮፒ ቀለም ደግሞ ካለቀ ወር አልፎ ነበር፤ ሰው ሊከስ መጥቶ ወረቀት የለም ተብሎ ይመለስ ነበር። እና ለወረቀት ገዢ በኪሎ ሸጥነው። በገንዘቡ ቀለም ገዛን፣ ሁለት ደስታ ወረቀት ገዛን፣ ይሄን አምፖል ገዛን። እኔ አምስት ሳንቲም አልነካሁም። ደረሰኙ አለ፣ ላሳይዎት።»

«ማን ፈቀደ?»

ሳጅኑ ካቢኔውን ከፍቶ አንድ ወረቀት አወጣና በሁለት እጁ አቀበላት። ሽያጩን የሚፈቅድ ማስታወሻ ነው፤ ከላዩ ተቃጥሏል የሚለው ቃለ ጉባኤ ተያይዟል። በሁለቱም ላይ ሦስት ሦስት ፊርማ አለ። የመጀመሪያው የራሷ ነው።

ቀኑን አስታወሰችው። ፈቃድ ልትወጣ ስትል ጸሐፊዋ አርባ የሚሆን ወረቀት ደርድራ ያመጣችላት ቀን ነው። ቆማ ነው የፈረመችው። የሰውን ሁሉ ቃል የምትነፋው ሴት የፈረመችበትን አላነበበችም።

ቀሪው ነገር አንድ በአንድ ራሱ መጣላት። ልብስ ሰፊው የዛሬ ሦስት ዓመት የሰጡት ቃል መዝገቡ ውስጥ ነበር፤ «ዓይኔ ደህና ስለማያይ የት እንደጣልኩት አላውቅም» ብለው። ሌባው በሩን እየዳበሰ የገባው ዘመድ ስለሆነ አይደለም። አንብቦ ነው። ስልካቸውን፣ አድራሻቸውን፣ የባንክ ደብተራቸውን ገጽ፣ የጠፋውን መታወቂያ የድሮ ኮፒ፣ ኋላ ቀዳዳውን በመቀስ ቆርጦ የጣለበትን ባለ ማኅተም ሁለተኛ ቅጂ፣ ሁሉንም ባንድ ክር ታስሮ አግኝቶታል። የጽዳት ሠራተኛዋም እንዲሁ። የሞተውም እንዲሁ። በኋላ ልብስ ሰፊው ራሳቸው እንዳስታወሱት፣ የእሳቸውን ቅጂ አዲሱን መታወቂያ የሰጣቸው ጽሕፈት ቤት ተቀብሏቸው ነበር፤ መሳቢያው ውስጥ ገብቶም አያውቅ።

«ጥፋት አጠፋሁ?» አለ ሳጅኑ ከኋላዋ።

«አብረን ነው ጋሼ» አለችና ደረጃውን ወጣች።

*

ወረቀት ገዢው መጋዘኑን ሊዘጋ ሲል ደረሱበት። ጣሪያው እስኪነካ የተከመረ ካርቶን፣ ጋዜጣና የትምህርት ቤት ደብተር ነው። ሰውየው አልደነገጠም፤ ጥፋት መሆኑን የሚያውቅ አይመስልም።

«ማኅተም ያለበትን ለይቼ አስቀምጥለት ነበር» አለ። «ዕድሜው ገፋ ያለ ሰው ነው፣ ጨዋ። በሦስት እጥፍ ነው የሚገዛኝ።»

«ምን ያደርግለታል?»

«አልጠየቅኩትም። ለሱቅ መጠቅለያ የሚገዛኝንስ ምን ልትጠቀልልበት ነው እለዋለሁ እንዴ?»

«መጨረሻ የመጣው መቼ ነው?»

«ዓርብ። የቀረውን ጠቅልሎ ወሰደ። ከተማ ልለቅ ነው፣ ደህና ሁን ብሎኝ ተሰናበተ።»

«ከኛ ጣቢያ የመጣው ስንት ይሆናል?»

ገዢው ጣሪያውን እያየ አሰበ። «የናንተው ብቻ አርባ ኪሎ አይሞላም ብለሽ ነው?»

አርባ ኪሎ። ውስጡ ስንት ሰው እንዳለ ልትገምት ሞከረችና ተወችው። ገዢው የሰጣት ስልክ ቁጥር ተዘግቷል፤ የተመዘገበውም ከሞተ አራት ዓመት በሆነው ሌላ ሰው ስም ነው። የሞተበትን መዝገብ ያጣራችው እሷው ነበረች።

*

ሐሙስ ጠዋት አዛዡ ሪፖርቷን ቆሞ አነበበና ወደ ጠረጴዛው መለሰው።

«የመረጃው ምንጭ አልታወቀም በይና ዝጊው።»

«ታውቋል እኮ።»

«እንዲህ ብለሽ ከጻፍሽ ባንኩ እፎይ ብሎ ጉዳዩን እኛ ላይ ይጥለዋል። እኛ ኮሚቴ እናቋቁማለን። ኮሚቴው ዓመት ይቀመጣል። ሽማግሌው የሚያገኙት ነገር የለም።»

«ካልጻፍኩትስ?»

«ያው ነው የሚሆነው። አንቺ ግን ወንበርሽ ላይ ትቆያለሽ።»

ሪፖርቱን እንደጻፈችው፣ ምንም ሳትቀይር ፈርማ ላከችው፤ በዚህ ጊዜ እያንዳንዱን መስመር አንብባ። አዛዡ ያለው ከሁለት ሰዓት በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ መድረስ ጀመረ። የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ደውሎ፣ «እንግዲህ ማስረጃው ከናንተ የወጣ እውነተኛ ማስረጃ ነው፣ እኛ ምን እናድርግ» ሲል አንጀቱ ቅቤ መጠጣቱ ከድምፁ ያስታውቅ ነበር። ጣቢያው ውስጥ መዋጮ ተሰበሰበ፤ ሳጅኑ የወር ደመወዙን እንዳለ አምጥቶ ሰጠ። ከእሷው ጋር ተደምሮ ከክፍያው ሩቡን አልሞላም። አማቹ ከዘመድ ያገኘውና ነጋዴው ለስፌት መኪናው የከፈለው ተጨመረበት፤ ግማሽ አልደረሰም። የሆስፒታሉ መዝጋቢ እስከ ማታ ይታገሱን ስትለው በትሕትና አዳመጣትና፣ «እኔም ለሚጠብቀው ሰው ደውዬ ነግሬዋለሁ፤ እሱም ዓይን ነው ያመመው» አላት። ስድስት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ነበር።

*

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኢንስፔክተሯ የልብስ ሰፊው ሱቅ ደረሰች። የስፌት መኪናቸው ፊት ተቀምጠው በጨርቅ ይወለውሉታል። ነጋዴው ቅዳሜ ይወስደዋል፤ ልጃቸውና አማቻቸው ነግረዋቸዋል።

«ነይ ግቢ» አሉ ከእርምጃዋ አውቀዋት። «ሰማሁ። አማቼ ነገረኝ። ይቅርታ ልትይኝ ከሆነ መጀመሪያ ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። እጃቸውን ዘርግተው የጃኬቷን እጅጌ ዳበሱ። ብብቷ ሥር ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«ተተርትሯል። አውልቂው። መርፌውን ግን አንቺ ነሽ ክር የምታስገቢልኝ።»

አስገባችላቸው። ጃኬቱን ጭናቸው ላይ ገልብጠው መስፋት ጀመሩ፤ ዓይናቸው ጣሪያው ላይ ነው፣ ጣታቸው ግን መንገዱን አይስትም።

«ወረቀቱ ከኛ ነው የወጣው አባባ» አለች። «እንዲሸጥ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ሳላነበው።»

ልብስ ሰፊው ክሩን ስበው አጠበቁ።

«መታወቂያዬ የጠፋ ጊዜ ሰዉ ሁሉ ‹አርፈህ ተቀመጥ፣ ማን ምን ያደርግበታል› ብሎኝ ነበር» አሉ። «እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ሌባ እጅ ገብቶ ሰው እንዳይጎዳበት ፖሊስ ይወቀው ብዬ በእግሬ የመጣሁት። ደብተሬን፣ ስልኬን፣ ምኑን ሁሉ ጠየቃችሁኝ። ሁሉንም ሰጠሁ። በደንብ ተመዘገብኩ ብዬ ደስ ብሎኝ ነው ወደ ቤቴ የገባሁት።»

ኢንስፔክተሯ እንባዋ መጣ፤ እንዳያዩት መደበቅ እንደማያስፈልጋት ትዝ ሲላት ደግሞ ባሰባት።

«የካሳ ማመልከቻ ጽፌልዎታለሁ» አለች ድምጿን አስተካክላ። «ይዘገያል። ምናልባትም... ግን ማስገባት አለብን።»

«ምን ምን ይፈልጋል?»

ዝርዝሩን ከቦርሳዋ አወጣች። «የመታወቂያ ኮፒ» አለች። «የባንክ ደብተር ኮፒ። ስልክ ቁጥር።»

«የት ነው የምታስቀምጪው?»

መዝገብ ቤቱ ያው ነው፣ ቁልፉም ያው ነው፤ መዶሻውና ሚስማሩም ያው ናቸው።

ልብስ ሰፊው ከደረት ኪሳቸው መታወቂያውን አውጥተው ዘረጉላት። «ከአውቶቡስ ካርዱ ጋር ይምታታብኛል። ትክክለኛው መሆኑን አንብቢልኝ።»

አነበበችላቸው። ስማቸውን፣ የተወለዱበትን ዘመን፣ የቤት ቁጥራቸውን። «ሥራ፣ ልብስ ሰፊ።»

ክሩን በጥርሳቸው ቆረጡና ጃኬቱን አራግፈው ሰጧት።

«ሥራ የምትለዋን በብዕር አስተካክያት» አሉ። «ኋላ ሐሰተኛ ማስረጃ አቀረበ እንዳልባል።»